«የመጀመሪያዋ» ማን ናት? የስፔንና የፖርቹጋል ሴት ዳይሬክተሮች ክር፣ ከነ34 መልሱ

ጥፋቱ የኔ ነው። ክሩን፣ የፊልም መድረካችንን ውይይት ማለቴ ነው፣ የከፈትኩት እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ ሆኜ፣ ብዙም ሳላብላላ ነበር። ስፔንና ፖርቹጋል ውስጥ ሴቶች ፊልም መሥራት የጀመሩት አምባገነኖቹ ከሄዱ ወዲህ ነው፣ በሩን የከፈተችው ስፔናዊቷ ዳይሬክተር ፒላር ሚሮ ናት፣ ከሷ በፊት የነበረው ባዶ ነው ብዬ ጻፍኩ። ባዶ! ይቺን ቃል ባልጽፋት ኖሮ ክሩ በሦስት መልስ ያልቅ ነበር። አሁን 34 ደርሷል። ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ የለንም ያላችሁኝ ስላላችሁ፣ የተባለውን በራሴ አፍ ላውራችሁ።

መነሻዬ «የኩዌንካው ወንጀል» ነበር። ሚሮ በ1979 የሠራችው ፊልም ነው፤ ታሪኩም በእውን የሆነ ነው። በ1910 ስፔን ገጠር ውስጥ አንድ እረኛ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ገድላችሁታል ተብለው ይያዛሉ። ሬሳ የለም። ግርፋት ግን አለ። ሲብስባቸው ገደልን ብለው ያምናሉ፤ በ1918 ይፈረድባቸዋል። በ1926 ሞተ የተባለው እረኛ በሕይወት ተገኘ። ሚሮ ግርፋቱን ሳትሸፋፍን ነው ያሳየችው። ገራፊዎቹ ጓርዲያ ሲቪል የሚባለው የፖሊስ ኃይል አባላት ናቸው፤ ያ ኃይል ፊልሙ ሲሠራም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ስለዚህ ፊልሙ ታገደ። የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ በ1975 ከሞተ ዓመታት አልፈው እንኳ ሚሮ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ክስ ተመሠረተባት። ክሱ በኋላ ተተወ፤ ፊልሙም በ1981 ለሕዝብ ታየ።

የመጀመሪያው መልስ፣ ቁጥር 1 እንበለው፣ በጨዋ ደንብ ገባ። አመሰገነኝና የረሳሁትን ጨመረ። በዚያው በ1981፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ አንድ የጓርዲያ ሲቪል ሌተና ኮሎኔል ሽጉጡን መዝዞ ፓርላማ ገብቶ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሰዉ ለምን እንደተሰለፈ ከዚህ ይገባል የሚል ነበር አስተያየቱ። ጥሩ አጀማመር ነበር።

ቁጥር 2 ዓመቶቹ በኛ ናቸው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ጠየቀ። በፈረንጅ ናቸው። እዚህም ሁሉም በፈረንጅ ነው።

ከዚያ እርማቱ ተጀመረ። ቁጥር 3 የጻፈችው ልጅ ፊልም የተማረች ትመስለኛለች፤ ቁጣ የለባትም፣ ግን አትለቅም። ሆሴፊና ሞሊና የምትባል የኮርዶባ ልጅ በ1969 ከስፔን የመንግሥት ፊልም ትምህርት ቤት በዳይሬክቲንግ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን ነገረችኝ። ፍራንኮ በሕይወት እያለ ማለት ነው። ከዚያ ስለ ሞሊና የ1981 ፊልም ረዘም አድርጋ ጻፈች። እኔም ስለዚህ ፊልም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክሩን ትቼ ሄጄ ያየሁት እሱን ነው። ሎላ ኤሬራ የምትባል ታዋቂ ተዋናይት በየምሽቱ መድረክ ላይ የሞተ ባሏን እያናገረች የምታነባ ሴት ትጫወታለች። ሞሊና እሷንና ተለያይተው የነበረውን እውነተኛ ባሏን ዳንኤል ዲሴንታን የመልበሻ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። ካሜራውን ከዓይናቸው ሰወረችው። ሁለቱ ስለ ትዳራቸው ያወራሉ። ስለ ውሸቱ፣ ስለ ማስመሰሉ፣ ስለ ልጆቻቸው። ትወና የቱ ጋ አልቆ ኑሮ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። አንዳንዴ ሰው ቤት ሳይጠሩት ገብቶ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እንደደረሰ እንግዳ ትሆናለህ፤ መውጫው ይጠፋሃል።

ቁጥር 4 አውራ ጣት ብቻ ነው የላከው።

ቁጥር 5 ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። በመድረኩ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡን እሳቸው ናቸው፤ የድሮ ፊልም ሲነሣ ዝም አይሉም። ልጄ ተቸኩለሃል ብለው በፍቅር ገሠጹኝና አና ማሪስካልን አመጡ። ማሪስካል ለፍራንኮ ሰዎች እንግዳ አልነበረችም። በ1942 ፍራንኮ ራሱ በብዕር ስም ታሪኩን በጻፈው «ራሳ» ፊልም ላይ ተውናለች። ግን ከካሜራው ጀርባ ስትሄድ ሌላ ሰው ሆነች። በ1953 ማድሪድ ውስጥ በድህነት የሚንከራተት ሰው ታሪክ ሠራች። በ1963 ደግሞ ከሚጌል ዴሊቤስ ልብ ወለድ የተወሰደውን «መንገዱ»ን። አንድ የገጠር ልጅ ለትምህርት ከተማ ሊላክ ነው፤ ከመሄዱ በፊት መንደሩን ይሰናበታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በጊዜው ከቁብ የቆጠረው አልነበረም። በ2021 ታድሶ ካን ፌስቲቫል ላይ፣ የድሮ ፊልሞች በሚቀርቡበት ክፍል ሲታይ ነው ብዙ ሰው ስሟን የጠየቀው። ጋሼ ይህን ሲጽፉ ሁለት ጊዜ ተሳስተው ሦስተኛው ላይ አስተካከሉት፤ ስልኩ ፊደል ይቀያይርባቸዋል።

ቁጥር 6 ማርጋሪታ አሌክሳንድሬን ጨመረ። ከራፋኤል ቶሬሲያ ጋር ሆና በ1950ዎቹ የሠራች፣ «ላ ጋታ» በሚባለው ፊልም ስፔን ውስጥ ሲኒማስኮፕ የሚባለውን ሰፊ ምስል ቀድማ የሞከረች፣ ኋላም ኩባ ሄዳ በአብዮቱ ዘመን ፊልም ፕሮዲውስ ያደረገች ሴት ናት። ቁጥር 7 ወደ ኋላ ጎተተን፤ ሮሳሪዮ ፒ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዋዜማ፣ የድምፅ ፊልም፣ የራሷ ኩባንያ። ቁጥር 8 ይብስ ወደ ኋላ ወሰደን፤ ኤሌና ኮርቴሲና የምትባል ዳንሰኛ ገና በድምፅ አልባው ዘመን፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ስለ አንድ በሬ ተፋላሚ ፊልም ሠርታለች። ፊልሙ ጠፍቷል። እሷም ከጦርነቱ በኋላ ተሰዳ አርጀንቲና ቀረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ሁላችንም የምናመጣትን ሴት «የመጀመሪያዋ» እያልን ነው። የመጀመሪያዋ ተመራቂ፣ የመጀመሪያዋ የድምፅ ፊልም፣ የመጀመሪያዋ ይቺ፣ የመጀመሪያዋ ያቺ። አንዲት ሴት ያለማቋረጥ መጀመሪያ የምትሆነው ከሷ በፊት የነበሩት ሲረሱ ነው። እኔም ሚሮን መጀመሪያ ያደረግኳት ሌሎቹን ስለማላውቅ ብቻ ነበር።

ቁጥር 9 ግን ይህ ሁሉ አልጣመውም። ቁፋሮ ነው ብሎ ተነሣ። ማንም ያላየው ፊልም፣ የጠፋ ፊልም፣ አንድ ሠርታ የቀረች ሴት ታሪክ ተብሎ መቆጠር የለበትም የሚል ነው ሐሳቡ። ከ1975 በፊት የተሠራ፣ በሴት የተሠራ፣ ተቀምጠን ልናየው የሚገባ አንድ ፊልም አምጡልኝ አለ። የጋሼን መልስ አላነበበም ማለት ነው። ወይም አንብቦ ንቆታል፤ ይሄኛው ይብሳል።

ቁጥር 10 ላይ የቁጥር 3 ባለቤት ተመለሰች። አሁን ጨዋታው ተቀይሯል። ማነው መቀሱን ይዞ የነበረው ብላ ጀመረች። ሴሲሊያ ባርቶሎሜን ጠራች። ያችኛዋ ያደገችው በኢኳቶሪያል ጊኒ ነው፤ ማድሪድ መጥታ ፊልም ተማረች። በ1969 ለትምህርት ቤቱ የሠራችው ፊልም ከትዳሯ ስለምትወጣ ሴት ነበር፣ በዘፈንና በፌዝ የተሞላ። ሳንሱር አንቆ ያዘው። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ እስከ 1978 ቆየ። ቀጥላ ሕጉን አነሣች። በፍራንኮ ስፔን ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መፈረም ወይም የባንክ ሒሳብ መክፈት አትችልም ነበር፤ ይህ የተነሣው በ1975 ነው። ፊልም ማለት ደግሞ ከካሜራ በፊት ውል ነው። ለምን አንድ ብቻ ሠርተው ቀሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፈራሚው ማን እንደነበር ይጠይቅ አለችና ዘጋችው።

ቁጥር 11 ቁጥር 9 ነው፤ አንድ የሚስቅ ፊት ልኮ ሄደ። ቁጥር 12 አድሚን፤ ተረጋጉ።

ቁጥር 13 እኔን ነው የወቀሰኝ፤ ልክም ነው። ርዕሱ ላይ ፖርቹጋል ተብሎ ተጽፎ 12 መልስ ሙሉ ስሟ አልተነሣም። እሱ ሊዝበን ውስጥ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ፖርቹጋልን የስፔን ጅራት ማድረግ እዚያ እንደሚያስቀይም አስጠነቀቀን። ከዚያ የባርባራ ቪርጂኒያን ታሪክ ነገረን። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሣኝ ይሄኛው ነው።

በ1946 ነው። የፖርቹጋሉ አምባገነን ሳላዛር ሥልጣን ላይ ነው። አንዲት የ22 ዓመት ልጅ «ሦስት ቀን ያለ እግዚአብሔር» የሚል ረጅም ፊልም ዳይሬክት ታደርጋለች፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ሩቅ መንደር የተመደበችውን አስተማሪም ራሷ ትጫወታለች። ፊልሙ በዚያው ዓመት በመጀመሪያው የካን ፌስቲቫል ታየ። ከዚያ በኋላ? ምንም። ሌላ ረጅም ፊልም አልሠራችም። ብራዚል ሄደች፣ እዚያው ኖረች፣ በ2015 አረፈች። ከፊልሙ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው፤ ድምፁ የለም። ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ምን እንደሚሉ አይሰማም። ፖርቹጋል ውስጥ ሌላ ሴት ረጅም ፊልም ይዛ እስክትመጣ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ።

ይህን የመሰለ መልስ ተጽፎ ቁጥር 14 ምን አለ መሰላችሁ? ፖርቹጋል ሲባል እኔ የማውቀው ክሪስቶፎር ዳ ጋማን ነው ብሎ ወደ 1541 ነዳን። አራት መቶ ነፍጠኛ፣ ምጽዋ፣ ግራኝ፣ ጠቅላላ የታሪክ ትምህርት። ቁጥር 15 ድልድዮቹን ማን ሠራቸው የሚለውን አስከተለ። ይህ ጭቅጭቅ የፌስቡክ ዕድሜ ያህል አለው፤ እዚህ አልደግመውም። አድሚኑ በቁጥር 16 ላሊበላ ሳይደርሱ አስቆማቸው።

ቁጥር 17 ወደ መስመር መለሰን። ከፖርቹጋል ፊልሞች ሁሉ የሚወደው የአንቶኒዮ ሬይስን «ትራስ ኦስ ሞንቴስ» መሆኑን ጻፈ። የ1976 ፊልም ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ፖርቹጋል ተራሮች ያሉ ገበሬዎች፣ ልጆች፣ እረኞች፣ ሥራ ፍለጋ የተሰደዱ አባቶች። ቁጥር 18 የሊዝበኑ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አረመ። ፊልሙ የሬይስ ብቻ አይደለም። የሬይስና የሚስቱ የማርጋሪዳ ኮርዴይሮ ነው፤ ሁለቱም ዳይሬክተር ተብለው ተጽፈዋል። እንዲያውም የዚያ አገር ተወላጅ እሷ ናት። ሙያዋ የአእምሮ ሐኪም ነው። ቁጥር 17 ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሳያውቅ ነው። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልከለከለም፣ ግን ስሟ ከአፍ ወድቆ ነበር። ከቁጥር 9 ጩኸት ይልቅ ይቺ ትንሽ ስህተት ብዙ ነገረችኝ።

ቁጥር 19 ማሪያ ዴ ሜዴይሮስን አስታወሰች። «ፐልፕ ፊክሽን» ላይ የብሩስ ዊሊስን ፍቅረኛ የሆነችዋ ቀጭን ልጅ ናት። በ2000 ራሷ ዳይሬክት አድርጋ ስለ ኤፕሪል 25 ቀን 1974 ፊልም ሠራች፤ ወጣት ካፒቴኖች በአንድ ሌሊት 48 ዓመት የቆየውን አገዛዝ ስለጣሉበት፣ ሕዝቡም ጠመንጃቸው አፍ ውስጥ አበባ ስለሰካበት ቀን። መልሷ እዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን 1974 ማለት በኛ 1966 ነው ብላ ጨመረች። እዚያም ወጣት መኮንኖች፣ እዚህም ወጣት መኮንኖች፣ እዚያ አበባ፣ እዚህ ምን? ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አድሚኑ ክሩን ለአንድ ሰዓት ቆለፈው።

ሲከፈት ቁጥር 20 ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይዞ መጣ፤ ወይም ቀዝቃዛ የሚመስል። የሱዛና ዴ ሶዛ ዲያስን «48» አይቷል። ፊልሙ ውስጥ ምስሉ የፖለቲካ ፖሊሱ እስረኞችን ያነሣቸው ፎቶዎች ብቻ ነው። የፊት፣ የጎን። ድምፁ የእነዚያው እስረኞች ነው፤ ካረጁ በኋላ የራሳቸውን ፎቶ እያዩ ያወራሉ። ቃለ መጠይቅ ሰጪው አይታይም፣ እስር ቤቱም አይታይም። በአሥረኛው ደቂቃ ሰልችቶት እንዳጠፋው፣ በማግሥቱ ግን የአንዲት ሴት ዓይን አልለቀው ብሎ ተመልሶ እንደጨረሰው ጻፈ። በዚህ መልስ ሥር ማንም አልቀለደም።

ቁጥር 21 አንቱታ። አዎ፣ አንቱታ። አንድ ወንድማችን ፒላር ሚሮን እሷ እያልን መጥራታችን አስከፍቶታል። ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ የስፔን ሲኒማ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ከ1986 ጀምሮ የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዋና ዳይሬክተር የነበሩ፣ በዚያ ላይ ያረፉ ሰው ናቸው፤ እርሳቸው ሊባሉ ይገባል አለ። እኔ የፊልም ሰው እንደ ዘፋኝ ነው፣ ካልቀረብነው አይጥመንም ብዬ መለስኩለት። ጋሼ ግን ከእሱ ጋር ወገኑ። ሚሮን እርሳቸው፣ የዛሬዋን ዳይሬክተር ካርላ ሲሞንን እሷ እንበል የሚል ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ማንም አላከበረውም።

ሲሞን ከተነሣች ክሩ ለሁለት የተሰነጠቀው እሷ ላይ ነው። ቁጥር 22 የሲሞንን «አልካራስ» አመጣ። በ2022 በርሊን ላይ የፌስቲቫሉን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ ወሰደ። የስፔን ፊልም ከ1983 ወዲህ ያንን ሽልማት አግኝቶ አያውቅም ነበር፤ በካታላን ቋንቋ ደግሞ አንድም አልነበረም። ታሪኩ ስለ ኮክ ገበሬዎች ነው። የሲሞን ዘመዶች ራሳቸው እዚያ ኮክ ያመርታሉ። ተዋንያኑ ሙያተኞች አይደሉም፤ በሺዎች ከሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች የተመረጡ ናቸው። ቤተሰቡ መሬቱን ለትውልድ አርሷል። ወረቀት ግን የለውም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ቤተሰቡ ባለርስቶቹን ደብቆ አተረፈ፤ ባለርስቶቹም መሬቱን በቃል ሰጡት። አሁን የባለርስቱ ወራሽ ዛፎቹን ነቅሎ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሊተክል ነው። ቁጥር 22 ፊልሙን ከአባቱ ጋር ነው ያየው። አባቱ የውጭ ፊልም አይወዱም። በቃል የተሰጠ መሬት የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ተነሥተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጡ። እስኪያልቅ አልተናገሩም። ሲያልቅ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮኩ ተለቀመ ወይ?

ቁጥር 23 ሽልማቱን ተጠራጠረ። ያንን ሁሉ ያወደስከው ፊልም አገሩ ላይ በጎያ ሽልማት በ11 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ነው የገባው አለ። እውነት ነው። ቁጥር 24 ደግሞ ነገሩን ወደ ገንዘብ ወሰደው። ስፔን ውስጥ መንግሥት ለፊልም ድጋፍ ሲሰጥ ለሴት ዳይሬክተር ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል፤ ታዲያ ይሄ የሴት ዳይሬክተሮች ማዕበል የችሎታ ነው ወይስ የነጥብ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ነውር አልነበረም። አጻጻፉ ነበር።

ቁጥር 25 እሳት ሆና ገባች። ነጥብ የተጀመረው ለሴቶች ነው እንዴ ብላ የሚሮን ሕግ አስታወሰች። ሚሮ ኃላፊ ሳለች በ1983 በወጣው ደንብ መንግሥት ስክሪፕት አይቶ ቀድሞ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ያኔ ገንዘቡን የወሰዱት እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ወንዶች። የፊልሞቹ ቁጥር ቀነሰ፣ የእያንዳንዱ ወጪ ግን ጨመረ። ማንም ተነሥቶ ይሄ የችሎታ ነው የነጥብ አላለም። የሲሞን ፊልም በርሊን ላይ ሲወዳደር ደግሞ ዳኞቹ የስፔንን ነጥብ አያውቁም። ከዚያ የልብሱን ታሪክ አነሣች። ሚሮ በ1989 ከቴሌቪዥኑ ኃላፊነት የለቀቀችው በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ልብስ ገዛች ተብላ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ነጻ ወጣች። የወንድ ኃላፊ ሱፍ ማን ቆጥሮ ያውቃል ብላ ጨረሰች። ቁጥር 26 ላይ የቁጥር 24 ባለቤት ቃላቱን እንዳጠነከረ አመነ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ደግ አደረገ፣ ሁለቱንም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ፍርዴ ቀላል ነው። ባርቶሎሜ አንድ ፊልም ለመሥራት ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቅ ነጥብ የሰጣት አልነበረም፤ የቀነሱባት ግን ነበሩ።

ቁጥር 27 ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ኢሲያር ቦያይን በ2003 የሠራችውን «ዓይኖቼን እሰጥሃለሁ» ከእናቷ ጋር እንዳየች አንዲት እህታችን ጻፈች። ቦያይን በ15 ዓመቷ በቪክቶር ኤሪሴ ፊልም ላይ ተውና ነው የጀመረችው። ይህ ፊልም ሰባት ጎያ ወስዷል። ቶሌዶ ውስጥ አንዲት ሴት ሌሊት ልጇን ይዛ ከቤት ትሮጣለች። እናትየው ከፊልሙ ሰዎች በፊት አዩት፤ በነጠላ ጫማ ነው የወጣችው አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ጸሐፊዋም ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም አልጨምርም።

ቁጥር 28 አሳቀን። ሊዮኖር ቴሌስ የምትባል ፖርቹጋላዊት በ2016፣ በ23 ዓመቷ፣ በአጭር ፊልም ዘርፍ ወርቃማ ድብ አገኘች። ፊልሙ 11 ደቂቃ ነው። ፖርቹጋል ውስጥ አንዳንድ ባለሱቆች በራቸው ላይ የሸክላ እንቁራሪት ያስቀምጣሉ። ሮማዎች፣ ጂፕሲ የሚባሉት ሕዝቦች፣ እንቁራሪት ይፈራሉ ስለሚባል፣ እንዳይገቡ ነው። ቴሌስ በአባቷ በኩል ሮማ ናት። ፊልሙ ውስጥ ወደ ሱቆቹ እየገባች እንቁራሪቶቹን ታነሣለች። መሬት ላይ ትከሰክሳቸዋለች። በቃ። አንድ ሰው እንቁራሪቶቹን ማን ከፈለ ብሎ ጠየቀ፤ መልስ ስላልሆነ አልተቆጠረም።

ቁጥር 29 ከውጭ አገር የጻፈ ልጅ ነው። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ዕቃ ይለቅማል፣ እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ደቂቃውን ይቆጥርበታል። የላውራ ካሬይራን የ2024 ፊልም አይቷል። ስኮትላንድ ውስጥ በመጋዘን ስለምትሠራ ፖርቹጋላዊት ነው። ካሬይራ በስፔኑ የሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማቱን ከሌላ ዳይሬክተር ጋር ተጋርታለች። ልጁ ስለ ጥበቡ ምንም አልጻፈም። ፊልሙ ውስጥ የመሣሪያው ድምፅ ልክ እንደሱ መሣሪያ ነው፤ ሲሰማው ትከሻው ተነሣ። በዕረፍት ቀኑ ሥራ ቦታ የገባ መሰለው።

ቁጥር 30 ሁለቱን አገሮች ያገናኘ ነው። የሃዮኔ ካምቦርዳ ፊልም፣ በጋሊሲያ ቋንቋ፣ በ1971 የሚሆን። አንዲት ልጅ የምታዋልድ ሴት ከደሴቷ ሸሽታ ድንበሩን ወደ ፖርቹጋል ትሻገራለች። በ2023 ሳን ሴባስቲያን ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ዛጎል ወሰደ፤ ለስፔን ሴት ዳይሬክተር... ኧረ ይቅር፣ የመጀመሪያ የሚለውን ቃል እዚህ እንዳልጠቀም ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። በ2025 ደግሞ አላውዳ ሩይስ ዴ አሱዋ ያንኑ ዛጎል ወሰደች። ሊዝበናዊው ወዳጃችን ከታች አንድ መስመር ጨመረ፤ ሚሮ በ1996 የሠራችውና ሰባት ጎያ ያገኘው የሎፔ ዴ ቬጋ ተውኔት ፊልምም የተቀረጸው ፖርቹጋል ባሉ ቤተ መንግሥቶች ነው። የስፔን ዕንቁ የምትሉት ግድግዳው የኛ ነው ማለቱ ነው። «የኛ» ማለቱን ልብ በሉ፤ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የኖረው።

ቁጥር 31 እኔ ነኝ። የመክፈቻ ጽሑፌን አስተካከልኩ። «ባዶ» የሚለውን ሰርዤ፣ እንዳይደበቅ ግን በላዩ ላይ መስመር ብቻ ነው ያሰመርኩበት።

ቁጥር 32 የሲሞንን የመጀመሪያ ፊልም ርዕስ በአማርኛ ምን እንበለው አለ። የእነሱ ሞቃት ወራት የኛ ክረምት ነው፤ «በጋ 1993» ካልን ወሩ ይሳሳታል፣ «ክረምት» ካልን ዝናብ ይመጣል። ፊልሙ ወላጆቿን በኤድስ ያጣች የስድስት ዓመት ልጅ አጎቷ ጋ ገጠር ስትገባ ነው፤ የሲሞን የራሷ ታሪክ ነው። ጋሼ «የ1993 ትምህርት የተዘጋ ጊዜ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ረዘመ። ግን ልጅነቱን ይዞታል።

ከዚያ ሦስት ቀን ፀጥ አለ። ክሩ ሞተ ብዬ ነበር።

ቁጥር 33 ቁጥር 9 ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ስለ ቁፋሮም አላነሣም። ትናንት ማታ የማሪስካልን «መንገዱ» እንዳየ ጻፈ። ልጁ በመጨረሻ መንደሩን ሲሰናበት ያለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አይቶታል። የ1953ቱን ለማየት ፈልጎ ሰብታይትል አጣ፤ ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ አለ።

ቁጥር 34፣ የቁጥር 3ና የ10 ባለቤት፣ ላከችለት። አራት ሴኮንድ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ራስህ አስተካክለው ከሚል ማስታወሻ ጋር።